ድመቱ ጃንጥላ ነው እንበል

በዚህ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም፣ ማስተርስ ለመማርም፣ ባንክ ቤት ለመቀጠርም አስቀድሞ ድመት ጃንጥላ ሊሆን እንደሚችል አምኖ መቀበል ግድ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ተፈታኝ «አፕቲትዩድ» ይለዋል፤ ማስተርስ የሚያመለክተው «ጋት» ይለዋል፤ ሥራ ፈላጊው ደግሞ በደፈናው «የባንክ ፈተና» ይላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ከሆዱ የሚወጣው አንድ ነው፦ ጠረጴዛዎች ሁሉ ድመቶች ናቸው፤ አንዳንድ ድመቶች ጃንጥላዎች ናቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ ጠረጴዛዎች ጃንጥላዎች ናቸው። ይከተላል ወይስ አይከተልም? ለዚህ የሚሰጥህ ጊዜ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እሱም ግማሹ ድመቱን በዓይነ ሕሊና ለመዘርጋት ያልቃል።

ልምምዱ የሚጀመረው ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የሚሸጥልህ ጥራዝ የኮፒ ኮፒ የኮፒ ልጅ ስለሆነ፣ በሥዕላዊ ጥያቄዎቹ ላይ ሦስት ማዕዘኑን ከክቡ የምትለየው በእምነት ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ ግን ስሞቹ ያጋልጡታል፦ ሞሃን፣ ራጁ፣ ሲታ፣ ፑናም። ሕንድ ውስጥ ለመንግሥት ሥራ፣ ለባንክና ለባቡር መሥሪያ ቤት የሚፈተነው ሕዝብ በሚሊዮን ስለሚቆጠር፣ የማመዛዘን ጥያቄ ማዘጋጀት እዚያ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። የአር. ኤስ. አጋርዋልን ዓይነት ወፋፍራም መጻሕፍት ያፈራው ይኸው ገበያ ነው። የእኛም ልጅ መርካቶ ቁጭ ብሎ፣ ሲታ ከራጁ በስተግራ ናት ወይስ በስተቀኝ እያለ እንቅልፍ ያጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ስድስት ሰዎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሞሃን ከራጁ አጠገብ አይቀመጥም» ይላል ጥያቄው። የሰለጠነ ተፈታኝ ወዲያው ክብ ይሥላል። እኔ ግን ያደግሁት በሽማግሌ አገር ነውና በቅድሚያ የሚመጣብኝ ሌላ ነው፦ ምን ተባብለው ነው? የገንዘብ ነገር ነው ወይስ የርስት? ፑናም መሀል ገብታ መቀመጧስ ለማስታረቅ ነው ወይስ ነገር ለማባባስ? ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ደቂቃዋ ታልቃለች፤ ሰዎቹም ሳይታረቁ፣ መልሱም ሳይጠቁር ይቀራል።

አክስቴን ልምምድ ውስጥ ያስገባኋት በዚህ ምክንያት ነው። በዘመዶቻችን መካከል ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ የምትቆጥረው እሷ ናት። ምንዥላት ድረስ ወጥታ በሌላ በኩል ስትወርድ ወረቀት አትይዝም፤ የስንቱን ፍቅር በስድስተኛው ቤት ላይ ይዛ አስቁማለች። አንድ ቀን ማጀት ገብቼ ከጥራዙ አነበብኩላት።

«አንዲት ሴት ወደ አንድ ወጣት እያመለከተች ‹የዚህ ልጅ እናት የእናቴ ብቸኛ ልጅ ናት› አለች። ወጣቱ ምኗ ነው?»

ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቋረጠችም። «ልጇ ነዋ!»

እኔ ገና የመጀመሪያዋን ክብ እየሣልኩ ነበር። አክስቴ ግን በዚህ አልበቃትም፤ ቢላዋውን ወደ ወረቀቱ ቀስራ፣ «ቆይ አንተ ልጅ፣» አለች፣ «ልጄ ነው ማለት ምን ከበዳት? አባቱን ልትደብቅ ነው እንዴ?»

ተበረታትቼ ወደ ድመቱ አለፍኩ።

«ጠረጴዛ ሁሉ ድመት ነው እንበል።»

«ለምን ብለን?»

«ለፈተናው ነዋ።»

«ፈተና ላይ መዋሸት ተፈቀደ?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። አንዳንድ ድመት ደግሞ ጃንጥላ ነው እንበል።»

«አንተ በል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልልም።»

«እሺ፣ እንግዲህ አንዳንድ ጠረጴዛ ጃንጥላ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም!» ብላ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ገለበጠችው።

መልሷ ትክክል ነው። ጃንጥላ የሆኑት ድመቶች ጠረጴዛ ካልሆኑት ወገን ሊሆኑ ስለሚችሉ መደምደሚያው አይከተልም። አክስቴ ግን መደምደሚያውን የጣለችው ከነመነሻው፣ ከነድመቱ ነው። የፈተና ወረቀት ምክንያት ስለማይጠይቅ ነጥቧን ትወስዳለች። የምትወድቀው በሚቀጥለው ነው፦ ድመቶች ሁሉ ጃንጥላ ናቸው፤ ጃንጥላዎች ሁሉ ወንበር ናቸው፤ ስለዚህ ድመቶች ሁሉ ወንበር ናቸው። ይህኛው ይከተላል፤ ሰንሰለቱ ጠባብ ቀዳዳ እንኳ የለውም። አክስቴ ግን ወንበሩንም ጃንጥላውንም ከማጀቷ አባረረቻቸው።

በዚህ አቋሟ ብቻዋን አይደለችም። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኡዝቤኪስታን ድረስ ሄዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን እንዲህ ሲል ጠይቆ ነበር፦ በረዶ ባለበት በሩቁ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምሊያ የምትገኘው በሩቁ ሰሜን ነው፤ የዚያ አገር ድብ ቀለሙ ምንድን ነው? አንዱ ገበሬ የመለሰው፣ እሱ ያየው ጥቁር ድብ እንደሆነ፣ ሌላ እንዳላየ፣ እያንዳንዱ አገር የየራሱ እንስሳ እንዳለው ነው። ባላየሁት አልመሰክርም ማለቱ ነው። በእኛ አገር ዛፍ ሥር በተሰየመ ችሎት ቢሆን ይህ ሰው ታማኝ ምስክር ተብሎ ይመሰገን ነበር። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ዜሮ ያገኛል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሕዝባችን ሎጂክ ይጎድለዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በላ ልበልሃ ተባብሎ፣ በማርና በበቅሎ ተወራርዶ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ማመዛዘን አያንሰውም። የጎደለው ሌላ ነገር መሆኑን ፈረንጆቹ ራሳቸው በራሳቸው ሰው ላይ ፈትሸው አሳይተዋል።

እንግሊዛዊው ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው እንቆቅልሽ ዛሬ የሚነገረው እንዲህ ተብሎ ነው። አራት ካርዶች ፊትህ ተደርድረዋል፤ በአንድ ገጻቸው ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለባቸው። የሚታዩህ ኤ፣ ኬ፣ 4 እና 7 ናቸው። ሕጉ «በአንድ ገጽ አናባቢ ካለ በሌላው ገጽ ሙሉ ቁጥር አለ» የሚል ሲሆን፣ «ሙሉ» የተባለው ለሁለት የሚካፈለው ነው። ሕጉ መከበሩን ለማረጋገጥ የትኞቹን ትገለብጣለህ? ብዙው ሰው ኤ እና 4 ይላል። ትክክሉ ኤ እና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ሕጉ ፈረሰ፤ ከ4 ጀርባ ግን ምን ቢገኝ ሕጉን አይነካውም። የተማረ ሰው ተሰብስቦ ሲጠየቅ እንኳ በትክክል የሚመልሰው ከአሥር አንድ ቢሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ግሪግስና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ፊደሉን በቢራ፣ ቁጥሩን በዕድሜ ቀየሩት፤ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል በትክክል መለሰ። ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ እንበል፦ አንዱ ቢራ ይዟል፣ አንዱ ለስላሳ ይዟል፣ አንዱ የ40 ዓመት ጎልማሳ ነው፣ አንዱ 18 ዓመቱ ነው። አስተናጋጁ ሳያቅማማ ቢራ የያዘውን መታወቂያ ይጠይቃል፤ የ18 ዓመቱን ልጅ ብርጭቆ ያሸታል። ለስላሳ ጠጪውንና ጎልማሳውን አይነካቸውም። ይህ አስተናጋጅ ሳያውቀው ኤ እና 7ን ገለበጠ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ነው።

እንግዲህ የፈተና ልምምድ የሚባለው አዲስ አእምሮ መግዛት አይደለም። ያለህን አእምሮ ከምታውቀው ዓለም ለጥቂት ሰዓት አፋትተህ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ብቻ እንዲያድር ማስለመድ ነው። ድመቱን አላውቀውም፣ ሞሃንን አላውቀውም፣ ድብም አይቼ አላውቅም ብሎ መግባት ነው።

ልምምዱ አገር ጥሎ መውጣትም አለበት። «ራጁ ወደ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር ሄዶ ወደ ቀኝ ታጠፈ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰሜን የሚባል አቅጣጫ የለም፤ ያለው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ የቀረው «ከፋርማሲው አለፍ ብሎ» ነው። የሰዓቱ ጥያቄ ደግሞ ይብሳል። «4 ሰዓት ሲሆን በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ማዕዘን ስንት ነው?» የጥራዙ መልስ 120 ዲግሪ ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲል አጭሩ ዘንግ 10 ላይ ነው፤ ማዕዘኑም 60 ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የፈረንጁ ዘንጎች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው 180 ሲሆኑ፣ የእኛዎቹ አናት ላይ ተደራርበው ዜሮ ይሆናሉ። ሰዓቱ ሙሉ ሲሆን ከፈረንጅ ጋር የምንስማማው በ3 እና በ9 ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ የሁለታችንም 90 ነው።

ልምምዱ ከፈተና ውጭ ምን ይጠቅማል ለሚል ጠያቂ የምነግረው የቀድሞ አከራዬን ነው። ነገሩ የቤት ኪራይ ጭማሪንና ተከራይ ማስለቀቅን የሚገድበው አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። «ኪራይ ካልጨመርክ ቤቱን ትለቃለህ» አሉኝ። ጨመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ልቀቅ አሉኝ። ቃልዎን አጠፉ ብዬ ልጮህ ስል ጥራዙ ትዝ አለኝ። ሰውዬው «ካልጨመርክ ትለቃለህ» አሉ እንጂ «ከጨመርክ አትለቅም» አላሉም። ይህችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ከኪራዩ ጋር። አከራዬ ሎጂክ ተምረው አያውቁም፤ ግን አንድ ነጥብ አይቀነስባቸውም።

ልምምዱን የገፋበት ሰው በመጨረሻ አንድ ምስጢር ይገለጥለታል፦ የጥያቄው ዓይነት ጥቂት ነው። ዝምድና፣ አቀማመጥ፣ አቅጣጫ፣ ሰዓትና ቀን፣ የተሰወረ ፊደል፣ ከመነሻ ወደ መደምደሚያ። ሞሃን ሄዶ ሱሬሽ ይመጣል፤ ድመቱ ወጥቶ ዝሆን ይገባል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። ብዙ የሠራ ሰው አዳራሹ ውስጥ አያስብም፤ ጥያቄዋን ያያትና ያውቃታል፤ መልሱን አጥቁሮ ያልፋል። አሳቢው ግን አንዷ ጥያቄ ላይ ተክዞ ይቀራል። ሎጂክ መለማመድ ማለት በፈተናው ሰዓት ላለማሰብ ቀድሞ ማሰብ ነው። ያለፈው ሁሉ አዋቂ ነው፣ የወደቀው ሁሉ ደካማ ነው ብሎ መደምደምም ስለዚህ አይከተልም።

ለምትዘጋጁ ወገኖች የምለው ይህ ነው። ቤት ስትለማመዱ ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ ለሰው ንገሩት፤ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የሳታችሁትን ጥያቄ መልሱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ከራሳችሁ የጨመራችሁት የቱን እንደሆነ ፈልጉ። አዳራሽ ከገባችሁ በኋላ ሞሃንና ራጁን አታስታርቁ፣ የልጁን አባት አትጠይቁ፣ ድመቱን ጃንጥላ ነው ካሏችሁ እሺ በሉና ያዙት። ፈተናው 3 ሰዓት ይጀምራል ከተባላችሁ ግን በሐበሻ ነውና ማልዳችሁ ውጡ።