ጠፈርተኛነት በኪሎ ሜትር

አንድን ሰው ጠፈርተኛ የሚያሰኘው ምንድን ነው ቢባል፣ የዓለም መልስ ከፍታ ነው። ዓለም አቀፉ የበረራ ስፖርት ፌዴሬሽን ድንበሩን 100 ኪሎ ሜትር ላይ አስምሯል፤ አሜሪካኖች 80ም ይበቃል ባይ ናቸው። 100 ኪሎ ሜትር እንግዲህ ቦረና ውስጥ ከያቤሎ ሜጋ ያህል ማለት ነው። በዚያ መንገድ አይሱዙ ላይ ከበሬ ጋር ተፋፍጎ የሚጓዝ ረዳት ሜጋ ሲደርስ አቧራውን ያራግፋል እንጂ ሜዳልያ የሚያጠልቅለት የለም። የሮኬት ኩባንያው የብሉ ኦሪጅን መንገደኞች ግን እዚያ ከፍታ ድረስ በ11 ደቂቃ ያህል ደርሰው ሲመለሱ በጭብጨባ ነው የወረዱት። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ቢሆን የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በነገሌ ቦረና አናት ሲያልፍ በመኪና መንገድ ከሚለካው ከአዲስ አበባ ይልቅ ለነገሌ ሰው እሱ ይቀርበዋል፤ የጠፋው ጥርጊያው ነው። «መውጣትና መሄድ አንድ አይደለም፣ ሮኬት ላይ መቀመጥ ነፍስን ማስያዝ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ለጀግንነቱ ይሸለም። ማዕረጉ የሰማይ ከሆነ ግን ሰማዩን ያወቀው ይቅደም።

እዚህ ላይ የቦረና ቀን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎቹ፣ ክርክሩን ያሸንፋሉ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ገዳ» በተባለው መጽሐፍ እንደተነተኑት፣ የቦረና ዘመን አቆጣጠር በጨረቃና በሰባት ከዋክብት ወይም የኮከብ ክምችቶች መገናኘት ይመራል። ቀኖቹ 27 ስም አላቸው፤ ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ አልቀው እንደገና ከራስ ይጀምራሉ። ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት በቃሉ የሚይዘው አያንቱ ነው። ሌሊት ከበረቱ ደጅ ቆሞ፣ ጨረቃ ቡሳን ከተባለችው የኮከብ ክምችት ጎን የምትውለው ዛሬ ነው ወይስ ነገ ሲል ያንጋጥጣል፤ አንድ ቀን ቢስት የሥርዓቱ ሁሉ ቀን ይዛባል።

«ታዲያ እግሩ ከመሬት መች ተነሣ?» ይባል ይሆናል። ቡሳን የምትርቀው ከ400 የብርሃን ዓመት በላይ ነው፤ እሷን ለማየት 400 ኪሎ ሜትር መውጣት በርጩማ ላይ እንደ መቆም ነው። ደግሞስ ጣቢያው ላይ ያሉት ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ገደማ እየወጣችባቸው በፀሐይ መውጫ ቀኑን መቁጠር ስለማይሆንላቸው፣ ሰዓታቸውን የሚሞሉት መሬት ላይ ባለ አቆጣጠር ነው።