የዋሂሉ ሽማግሌ አፍሪካ አዳራሽ ገቡ

የእናቴ ወንድም ከዋሂል ወደ ድሬ፣ ከድሬ በባቡር አዲስ አበባ የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነው። ቀጠሮው ገና ስለነበር አፍሪካ አዳራሽን ላስጎበኛቸው ይዣቸው ሄድኩ።

ፍተሻው ላይ አንዲት ፌስታል ተያዘች።

«አባባ፣ ይቺ አትገባም።»

«ልጄ፣ ሰዓቱ እኮ ደረሰ!»

ሰባት ሰዓት አልፏል። ሐረርጌ ያደገ ሰው የበርጫ ሰዓትን ለማወቅ የእጅ ሰዓት አያስፈልገውም። ፌስታሏ በር ላይ ቀረች፤ አጎቴም ያለ ምርቃና ገቡ።

አርክቴክቱ ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ መሆኑ፣ በ1953 ዓ.ም. መመረቁ፣ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዳግም መከፈቱ ደንታም አልሰጣቸው። የማዳመጫውን ጆሮ አገላብጠው አዩና «ኦሮምኛው ስንተኛው ላይ ነው?» ብለው ብቻ አለፉ። አስጎብኚዋ ግንቦት 1955 ላይ የአህጉሩ መንግሥታት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር እዚህ ፈረሙ ስትል ግን ቀጥ አሉ።

«ተጣልተው ነበር?»

ልጅቷ እንዲህ ያለ ጠያቂ ሳይናፍቃት አልቀረም። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድኖችን፣ ንክሩማ ዛሬውኑ እንዋሃድ ሲሉ ሌሎቹ ቀስ እንበል ማለታቸውን አወጋቻቸው።

«ዕርቁ ስንት ቀን ፈጀ?»

«መሪዎቹ የተሰበሰቡት አራት ቀን ነው።»

«ወላሂ? እኛ ጋ አንድ ግመል የሰው ማሽላ ቢበላ ሳምንት እንቀመጣለን! ምን ዓይነት ጫት ቢያቀርቡላቸው ነው?»

ጎብኚው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ለፈረንጆቹ ስትተረጉም ጫቱን ዘለለችው፤ እኔ ብሆን ሌላውን ዘልዬ እሱን እተረጉም ነበር። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ቀደም ብለው ተገናኝተው ነገሩን ሲያበጥሩ እንደነበር ስትጨምርላቸው ነው ልባቸው መለስ ያለው። «እንደዚያ በይኝ እንጂ አቦ! ሽምግልናው አስቀድሞ አልቋላ።»

ከአፈወርቅ ተክሌ መስኮቶች ፊት ደረስን። ሦስት ናቸው፤ ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር። አፅም በጅራፍ የሚነዳቸውን ሰዎች አይተው «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ችቦ የያዘውን ቤተሰብ ወደዱት። ከዚያ ግንባራቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ዓይናቸውን ታመዋል ያለው ማን ነው?

«ይሄ ብረት የለበሰው ማነው?»

«የተባበሩት መንግሥታት ምሳሌ ነው፣ አባባ።»

ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት።

«ይህን ሁሉ ብረት ለብሶ ምነው ዳር ቆመ?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ፈረንጆቹን አየች፤ እሳቸውን አየች።

«መውጫው በዚህ በኩል ነው» አለች።