ክቡር አሽከርካሪ፣ ምን ጎደለብዎ?

ክቡር አሽከርካሪ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድመን ለሚደርስብዎ በደል ከልብ ማዘናችንን እንገልጻለን። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናዎ ቻይንኛ ብቻ እየተናገረች እንዳስቸገረችዎ ሰምተናል። በየመታጠፊያው የምትልዎት ምክር ይሁን ስድብ መለየት ቢያቅትዎ ድምጿን አጥፍተው ሙዚቃ ከፍተዋል። እሰይ፣ ደግ አደረጉ። ያ ሰፊ ስክሪን እንዳይቧጨር ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ሳይልጡ እንደያዙትም አይተናል። ወንበሩም እንደዚያው በላስቲክ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ጀርባዎ ተቀቅሎ ሲወርዱ፣ ሸሚዝዎ ላይ የተጣበቀው ላብ መኪናዋ አዲስ ለመሆኗ ከሊብሬ ይበልጥ ይመሰክራል።

ከእርስዎ በፊት የነበሩት እንዲህ ያለ መከራ አያውቁም። እምዬ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ያመጣላቸውን መኪና ሲረከቡ ማደያ የለ፣ አስፋልት የለ፣ ጎሚስታ የለ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን “መቆሚያ ጠበበኝ” ብለው አዋጅ ማስነገራቸውን የጻፈ ታሪክ ጸሐፊ አላጋጠመንም።

ቀጥሎ የመጣው የጭነት መኪና ሹፌርም ጥያቄው ጥቂት ነበር፤ ክሪክ፣ ስኮርት ጎማ፣ ሁለት ሦስት ካንዴላ፣ የውኃ ጀሪካን፣ አንድ ነቃ ያለ ረዳት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ይዞ ነው። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀምር ደግሞ ውኃው ይፈላል። መኪናው ገና ሳይቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ይወሽቃል። ኮፋኖው ይከፈታል። የራዲያተሩ ክዳን በወፍራም ጨርቅ ይያዝና ትንሽ ላላ ይደረጋል፤ ፊት ዞር፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ከዚያ ውኃው በቀስታ ይንቆረቆራል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ቴስታታው እንዳይሰነጠቅ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በማንም ላይ ጡሩምባ አልነፋም። መኪናው ጠማው፣ አጠጣው፣ መንገዱን ቀጠለ። እንዴት ያለ ኋላ ቀር ሰው ነው! (ታኮ ያደረገውን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ጥሎ መሄዱን ግን አንክድም። በዚያ በኩል እርስዎ ቅርሱን በሚገባ ጠብቀዋል፤ ልዩነቱ እርስዎ የሚተዉት መኪናውን ራሱን መሆኑ ነው።)

የሰይቼንቶው ባለታክሲ፣ በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳው ባለ ቮልስ፣ ሁሉም እንዲሁ በጥቂት ነገር ያለፉ ናቸው። መኪናው ሲጠይቅ እነሱ ይሰጡ ነበር። የዛሬዋ መኪና አትፈላም፣ ካንዴላ አታስቀይርም፣ ዘይት እንኳ አትጠይቅም። ጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ሰጪው ደግሞ ከተማው።

ለምሳሌ ካፌ በር ላይ ሲቆሙ እንያችሁ፤ እርስዎንና መኪናዋን ማለታችን ነው። ከፊት ካሜራ፣ ከኋላ ካሜራ፣ ከላይ ሆኖ እንደ ንስር ቁልቁል የሚያሳይ ካሜራ፣ ግንብ ሲቀርብ የሚጮህ ሴንሰር። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ ሮጦ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም። “ና፣ ና፣ ና… ቁረጥ፣ ሙሉውን ቁረጥ… መልስ… ና፣ ና… በቃ!” ሲጨርስ የፊት ጎማዎ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ የኋላው ደግሞ ለብስክሌት ተብሎ በተቀባው መስመር ላይ አርፏል። ሁለቱንም መንገድ በአንድ መኪና ማስከበር ቀላል ችሎታ አይደለም። ማኪያቶው ወደ መስኮትዎ ይመጣል። ከኋላዎ የተሰለፈው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት አሥራ አምስት ሰዎች እስኪጠጡ ይታገሣሉ፤ እነሱ ወደ ሥራ እንጂ የትም አይሄዱም።

የነዳጁ ነገር ምን ያህል እንደጎዳዎት እናውቃለን። ሐምሌ 2014 ድጎማው መነሣት ጀመረ፤ በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። እርስዎ ግን ያን ጊዜም ዳቦ ቤቱ ሦስተኛው ቅያስ ላይ ቢሆንም በእግርዎ ሄደው ክብርዎን አልጣሉም። ጥር 2016 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል አይገባም ሲል ደግሞ ቀድመው ኤሌክትሪኳን ገዙ፤ ስለ አየሩ ንጽሕና ሲሉ መሆኑን አልተጠራጠርንም። አሁን በ2007 በተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት፣ ባትሪው እንዳያልቅ ኤሲውን አጥፍተው፣ ዓይንዎን ከፐርሰንቱ ሳይነቅሉ በ60 ይጓዛሉ። በግራ መስመር፤ መቼም የእንዲህ ያለች መኪና ባለቤት በቀኝ አይሄድም። ቤት ሲደርሱ መብራት ጠፍቷል። ጎረቤት ሁሉ ለእንጀራው ሲጨነቅ የእርስዎ ጭንቀት ነገ እስከ ዳቦ ቤቱ እንዴት እንደሚደርሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጠላትዎ ግን እግረኛው ነው። በዚህ ከተማ ብዙው ሰው በእግሩና በታክሲ ሰልፍ የሚውል መሆኑ በራሱ የሚያናድድ ነው፤ ያ አንሷቸው ዜብራ ላይ መሻገር ይፈልጋሉ። እርስዎ በትሕትና ክላክስ ያደርጋሉ፣ እነሱ ይደነግጣሉ። በክረምት ኩሬውን ሳይቀንሱ አልፈው ነጠላቸውን ሲያጥቡላቸው እንኳ ምስጋና የለም። ጭራሽ ከ2011 ጀምሮ “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ እሑድ መንገድ ተዘግቶ ሕፃናት ኳስ እንዲጫወቱበት ተደርጓል። የቀረው ወር በሙሉ የእርስዎ ሆኖ ሳለ፣ ይህችን አንዲት ጧት መንጠቅ ምን የሚሉት ግፍ ነው?

ስለዚህ አቤቱታዎን ደግፈን እኛም ሐሳብ እናቀርባለን። እግረኛው ታርጋ ይለጠፍበት፤ ጎዶሎ ቁጥር ሰኞ ይውጣ፣ ሙሉ ቁጥር ማክሰኞ። እናቶች ዜብራ የሚሻገሩበት ሰዓት ይወሰን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አሥር ቢሆን ትራፊኩም አይጨናነቅም። ነፍሰ ጡር፣ ዓይነ ስውርና ባለ ክራንች አስቀድመው በስልክ ያስመዝግቡ። የእግረኛው መንገድ በይፋ መኪና መቆሚያ ተብሎ ይሰየም፤ በተግባር የሆነውን በወረቀት መንፈግ ተገቢ አይደለም። ፍሬቻ የሚባለውም ከመኪና ላይ ይነሣ፤ ወዴት እንደሚታጠፉ ለማንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

እስከዚያው ግን ልጅ ያዘለችው ሴትዮ ፊት ለፊትዎ ቆማለችና ቢያሳልፏት… ይቅርታ፣ ለካ ስልክ ይዘዋል። ይጨርሱ፣ ይጨርሱ፤ ትጠብቃለች።