ምዝገባውን ያስቆመች ጭረት

ወደ አንድ ማሠልጠኛ የተጠራሁት ኔትወርክ ለማየት ነበር። የማሠልጠኛው ኔትወርክ ደህና ነው፤ ወረፋው የቆመው አንዲት ተመዝጋቢ ላይ ነው። መዓዛን ወይም ሰዓረን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት፣ የእሷም ስም መሐል ላይ አፖስትሮፍ አለች። መዝጋቢው «እህቴ፣ እሷን ጭረት አጥፊያትና እንደገና ሞክሪ» ይላታል። «ፓስፖርቴ ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው» አለች። እውነቷን ነው! ሰው ለኮምፒውተር ብሎ ስሙን አይቀይርም።

ስክሪፕቱን ከፈትነው። የቆየ ፒኤችፒ ነው፤ ፎርሙ የላከውን ከአሬይ እያወጣ እንዳለ ኩዌሪው ውስጥ ይሰካል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ የጽሑፍን ማብቂያ የሚያውቀው በዚያችው ጭረት ነው። ስሟ ተቆረጠ፣ የቀረው ፊደል እንደ ትእዛዝ ተነበበ። እሷ የጻፈችው ስሟን ብቻ ነው፤ ክፉ ሰው ቢያገኘው ግን በዚያው ቀዳዳ የሌላውን ሰው መረጃ ይጎለጉላል።

የስሙን ችግር በፕሪፔርድ ስቴትመንት ፈታነው፦ በኩዌሪው ውስጥ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል፣ ስሙ ለብቻው ይሰጣል። ኮርሶቹ ግን በቼክቦክስ ስለሚመረጡ በአሬይ ነው የሚመጡት። አሬዩን በጅምላ ለአንድ የጥያቄ ምልክት ብትሰጡት፣ ፒኤችፒ «አሬይ» የሚል ቃል ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ በኮርሶቹ ብዛት ልክ የጥያቄ ምልክት በቅንፍ ውስጥ በኮማ ይደረደራል። ተመዝጋቢው ምንም ካልመረጠ ቅንፉ ባዶ ይቀርና ማይኤስኪውኤል ስህተት ይላል፤ ያንን ቀድሞ መፈተሽ ነው።

አብሮኝ የተቀመጠው ወጣት ፕሮግራመር «ጋሼ፣ ለየምልክቱ ከአሬዩ ኪይ ስም ብንሰጠውስ?» አለኝ። ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ድሩፓል 7 የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ያስደፈረው ይኸው ነበር። እሴቶቹ በጥንቃቄ ተለይተው ሳለ ኪዮቹ ኩዌሪው ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ኪዮቹን የሚልከውም ያው ጎብኚው ነው! ማስተካከያው በ7.32 እትም ወጣ፤ ኪዮቹን ጥሎ በራሱ ቁጥር መተካት ብቻ ነበር። ቢሆንም ይህ ከተነገረ በኋላ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላደሰ ሳይት እንደተሰበረ ይቁጠር ተባለ። ለወጣቱ ይህን ስነግረው የጻፈውን ራሱ ሰረዘው።

ስንጨርስ ሌላ ጉድ ወጣ፦ የተማሪዎች ዝርዝር የሚደረደርበት ዓምድ ስም ከአድራሻው መስመር ይመጣል። የጥያቄ ምልክት በዓምድ ስም ቦታ አይገባም። የተፈቀዱትን ዓምዶች እኛው ስክሪፕቱ ውስጥ ዘረዘርናቸው፤ ከእነሱ ውጭ የመጣ ሁሉ ይጣላል።