ሥራ አስኪያጅ መቼ ነገሠ?

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ አንዲት የሆቴል አስተናጋጅ «ሥራ አስኪያጁ እያስቸገረኝ ነው፤ ልናገር ወይስ ልተወው?» ብላ ብታማክር መካሪ አታጣም። ምክሩን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ መልሱን እንካችሁ።

«መች ነካሽ? በአፉ ነው የተናገረ።» የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአፉም ይዞታል! በንግግርም ይሁን በምልክት፣ ያልፈቀደን ሰው ለወሲብ መወትወት ወሲባዊ ትንኮሳ ነው፤ አንቀጽ 14 ከልክሎታል።

«ቀልዱን ነው እኮ።» እንግዲያው ሚስቱ ባለችበት ይቀልዳ! ዕቃ ቤት ድረስ ምን አስጠራው?

«አለባበሷ ነው።» በአዲስ ቅዳም ብርድ? ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ!

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ሥራ አስኪያጅ መቼ ነገሠ? ማንስ ቀባው?

«ምስክር አለሽ?» በር ዘግቶ የሚያስቸግር ሰው ሽማግሌ ጠርቶ ነው እንዴ የሚጀምረው? ማታ ማታ የላከው የስልክ መልእክት አለ። ከእሷ በፊት እዚያው ሠርታ «ምክንያቱን አትጠይቁኝ» ብላ የወጣችም ልጅ ትኖራለች። ዕለቱንና የተናገራትን ቃል ደብተር ላይ ታስፍር።

«የቅዳሜ ገበያ ምን ይላል? ስምሽ ይጠፋል።» ይሄኛው ያንገበግበኛል። አጥፊው እሱ፣ ስሟ የሚጠፋው እሷ! ገበያተኛው ከሰሉንና ድንቹን እየሸጠ ማውራቱ ካልቀረ የእሱን ያውራ፤ ወሬው ዳንግላም እንጅባራም ይድረስ።

«ለምን ያን ዕለት አልተናገረችም?» የቤት ኪራይ ስላለባት። የታናሽ ወንድሟን ደብተር የምትገዛው እሷ ስለሆነች። ጠያቂው ከሚያስቸግረው ሰው እጅ ደመወዝ ተቀብሎ ያውቃል?

«ዝም አይነቅዝም።» ዝምታው ባይነቅዝ ልጅቱ እየነቀዘች ነው! እንቅልፍ የላትም፤ ኮቴውን በሰማች ቁጥር ትሪው ከእጇ ያመልጣል።

«በቃ ሥራውን ትተሽ ውጪ።» ለምን እሷ? እሱ አይወጣም? የግድ ከሆነባትም ባዶ እጇን አትውጣ። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው የተነኮሳት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን እንድታቋርጥ አንቀጽ 32 ፈቅዶላታል፤ ከስንብት ክፍያው ሌላ ካሳም አለው። መናገር አለመናገሩን የምትወስነው ራሷ ናት፤ የሚያስከትለውን የምትሸከመው እሷ ናትና አልገፋፋትም። ግን እያወቀች ትወስን፦ ያ ያለ ማስጠንቀቂያ የመውጣት መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል።

«ታገሺ፣ ጊዜ ይፈታዋል።» እትዬ፣ ጊዜውማ የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው!

«እስቲ ፋሲካ ይለፍና እንነግርልሻለን።» ጋሼ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ ሕጉ ቆሞ ይጠብቃታል? ለመሆኑ ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?