ነሐሴ ላይ የተነሣው ገንዳ

ድምፁን የሰማው ዘበኛችን ነው። ነሐሴ ነበር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፤ ከማምሻው የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም። መስኮቴን አንኳኩቶ «ልጄ፣ ጓሮ የሆነ ነገር ፈነዳ» አለኝ። ጋቢ ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ያየሁት የተሰነጣጠቀውን ሴራሚክ ነው። ቀጥሎ ያየሁትን ግን ዓይኔ አልቀበል አለ። የመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ዙሪያውን ከተነጠፈው እብነ በረድ በላይ ወጥቷል፤ በጥልቁ በኩል ከስንዝር በላይ ብድግ ብሏል። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ አርማታ፣ ፌሮው እንደታሰረ፣ ቧንቧዎቹን በጥሶ እንደ ጀልባ ተንሳፍፏል። ዘበኛችን አማተበ። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ጓሮው የአባቴ ነው። ቤቱን የሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሜዳው ላይ፣ ሰፈሩ ገና ጤፍ የሚዘራበት በነበረ ጊዜ ነው። ጓሮው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ፣ የእማዬ ጌሾ፣ በአጥሩ ሥር ደግሞ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ነበሩ። የቀረው ባዶ መሬት ነው፤ ሣር የሚበቅልበት፣ በግ የሚታሰርበት፣ ስጥ የሚሰጣበት። አባቴ ካረፈ በኋላ ዳላስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ደክማለች፤ የቀረውን ዘመን ባማረ ቦታ ትቀመጥ፤ ልጆቼም ሲመጡ የሚዋኙበት ይኑር» ብሎ ፎቶዎች ላከልኝ። ሰማያዊ ገንዳ፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ ክብ መቀመጫ፣ መሐሉ ላይ እሳት፣ ከድንጋይ የተገነባ የውጭ ማብሰያ፣ ከሥር የሚያበሩ መብራቶች። ያን ጓሮ ከወንድሜ እኩል ተመኘሁት። ሥራውን የምከታተለውም እኔ ሆንኩ።

ፕላኑ ታትሞ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያዞረች «ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?» አለችኝ። «እማዬ ደግሞ፣ አሁን ስለ ሞት ምን አስነሣሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ያንን መልሴን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

ቁፋሮው የተጀመረው መጋቢት ላይ ነው። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ እስከ ክርን ያስገባል። ዋልካ ነው፤ መሐንዲሶች የሚፈሩት ጥቁር አፈር። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በላዩ ያለውን ግድግዳ እያነሣ እያወረደ ይሰነጥቃል። ተቋራጩ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ከወለሉ ሥር ገረጋንቲ ሞላ፣ በግድግዳዎቹ ዙሪያም የተቆፈረውን ክፍተት በገረጋንቲ ደፈነ። ገልባጮች ስንት ቀን ተመላለሱ። ጥሩ ሥራ መስሎኝ ነበር። ዘበኛችን ግን ከጉድጓዱ ጫፍ ቆሞ «ይሄ ክረምት ሲገባ ኩሬ ነው የሚሆነው» አለ። ፎርማኑ «አባባ፣ ገንዳ እኮ ነው፣ ውሃ እንዲይዝ ነው የሚሠራው» ሲለው ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌው የሚያወራው ስለ ጉድጓዱ ነበር፤ እኛ የምናስበው ስለ ገንዳው።

ነገሩን በኋላ አንድ የአፈር መሐንዲስ እስኪያስረዳኝ አልገባኝም። ዋልካ ርሶ ካበጠ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። እሱን ቆፍረህ ውሃ በሚያሳልፍ ገረጋንቲ ከሞላኸው መውጫ የሌለው ድስት ሠራህ ማለት ነው። ዝናቡ በገረጋንቲው ውስጥ ይወርዳል፣ ጥቁሩ አፈር ያግደዋል፣ እዚያው ይጠራቀማል። እኛ ደግሞ የቤቱን ጣሪያ አሸንዳ በቀጥታ ወደ ገንዳው ዙሪያ ለቀነዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ጣሪያችን 200 ካሬ ነው፤ የ40 ሚሊ ሜትር ዶፍ በአንድ ምሽት 8,000 ሊትር ያወርዳል። ያ ሁሉ የሚገባው አርማታውና ዋልካው መካከል ነበር።

ዳላስ ራሱ የተቀመጠው በዚሁ ዓይነት በሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያ መሬት አገሩ ላይ በጥቁርነቱ የተጠራ ሜዳ ነው፤ ቤቶች መሠረታቸው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ማስወገጃ ቀድሞ ይታሰባል። ወንድሜ የላከልኝ ፎቶ ግን የሚያሳየው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ሰማያዊው ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር፣ ቱቦውና ቫልቩ አይታይም። ስለዚህ የሚታየውን አሠራን፤ የማይታየውን ማንም አልጠየቀም።

ወደ መጀመሪያው ዓመት ልመለስ። ገንዳው ጥቅምት ላይ ሲያልቅ 75,000 ሊትር ውሃ ያስፈልገው ነበር። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ 8 ጊዜ አስመጣን። በሦስተኛው ቦቴ ላይ በር ላይ ቢጫ ጄሪካን የያዙ ሴቶች ቆመው አየሁ። ለእነሱ የሚሸጥ የቦቴ ውሃ መስሏቸው ነው የመጡት። ሹፌሩን ቱቦውን አዙርልኝ ብዬ ለሁሉም አስቀዳሁ፤ ከዚያም ቀሪው ሲገለበጥ ለማየት አልቻልኩም፣ ቤት ገባሁ።

ሲሞላ ግን ውብ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ውስጡ ይተኛል። የሚዋኝበት ግን ጠፋ። ዳላስ በሐምሌ ከ35 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፣ ሌሊቱም አይበርድም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ የቀኑን ሙቀት ከውሃው ላይ መልሶ ይወስደዋል። የእህቴ ልጆች እግራቸውን ነክረው ጮኹና ወጡ። ፀሐያችን ውሃውን ሳታሞቀው ክሎሪኑን ግን ትበላዋለች፤ ከፍታ ላይ ጨረሩ ብርቱ ነው። ማታ ጨምረን በማግሥቱ ከሰዓት ስንለካው የለም።

ለገና ዘመድ ሁሉ ተጠራ። ዝቅ ያለውን ክብ መቀመጫ በትራስ አሳመርኩት። የነፍስ አባታችን ሦስቱን ደረጃ ለመውረድ በትራቸውን አስቀድመው ሞከሩና «እኔስ እዚሁ ይበቃኛል» ብለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ሲቀመጥ ሌላውም ከእሳቸው ጎን ሊሆን ሄደ። መሶብ ዙሪያ የሚሰበሰብ ሰው እርስ በርስ መጎራረስ አለበት፤ ያ ክብ ግን መሐሉ እሳት ነውና ሁሉም ከሁሉም ራቀ። እናቶቹ ዓይናቸውን ከውሃው ላይ መንቀል አልቻሉም፣ ሕፃናቱ በአጠገቡ ይሮጣሉ። የተወለወለው እብነ በረድ ውሃ ነክቶት አንዲት አክስቴ ወድቃ እጇን ተጎዳች። ድንጋይ ማብሰያው ላይ ሁለት ድስት እንኳን ጎን ለጎን አይቆምም፤ ዶሮ ወጡ የተሠራው እንደ ወትሮው ከቤቱ ጀርባ ሦስት ጉልቻ ላይ ነው። 12 ሰዓት ሲሆን ብርዱ ገባ፣ ሁሉም ቤት ገባ። የገንዳው መብራት ብቻውን ሲበራ አደረ።

ጥር ላይ አጥር የምንጋራቸው እናት ዐረፉ። እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ናቸው። የእሳቸው ግቢ ጠባብ ነው፣ መንገዱም ኮረኮንች ቅያስ ነው፤ አባቴ በነበረበት ጊዜ የዚያ ረድፍ ለቅሶ ሁሉ ድንኳኑ የሚተከለው በእኛ ጓሮ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ሳይጠይቁ፣ እንደ ልማዳቸው፣ የድንኳኑን ብረትና ሸራ ተሸክመው በጓሮ በር ገቡ። ገብተው ውሃው ዳር ቆሙ። ማንም ምንም አላለኝም። ሰብሳቢያቸው ብቻ ቀና ብለው አዩኝና «ግድ የለም፣ መንገዱን እንዘጋለን» አሉ። ሦስት ቀን ለቀስተኛው ቅያሱ ላይ፣ ግማሹ አግዳሚ ወንበር ቦዩ ላይ ተንጋዶ፣ መኪና በመጣ ቁጥር እየተነሣ ተቀመጠ። እማዬ በነዚያ ቀናት ስለ ፕላኑ አላነሣችም። ሌሊት ለሻይ ውሃ እያፈላች ስታመላልስ እኔ ኩባያውን ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርኩ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። መብራት በተከታታይ ስለጠፋ ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ወንድሜ ለእንቁጣጣሽ ሊመጣ ነው፤ የለፋበትን ሲያይ እንዲህ ሆኖ እንዲያገኘው አልፈለግሁም። መጣጭ ፓምፕ ተከራይቼ ሁለት ቀን አስመጠጥኩት። ጠርገን፣ ፍቀን፣ በንጹሕ ውሃ ልንሞላው ነው ሐሳቤ። የዚያን ዕለት ሌሊት ገንዳው ተነሣ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ለዚህም ነው አሁንም የሚቆጨኝ። ወለሉና ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ነው፤ ተደምሮ 19 ሜትር ኩብ ግድም ይሆናል። የብረት አርማታ በሜትር ኩብ 2.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን ባዶው ገንዳ ከ47 ቶን ትንሽ ይበልጣል። በውስጡ 75 ቶን ውሃ እያለ የሚያነቃንቀው የለም። ያ ውሃ ሲወጣ ግን ከውጭ የተጠራቀመው ውሃ ብቻውን ይቀራል። ከወለሉ በአማካይ 1 ሜትር ከፍ ካለ በ50 ካሬ ሜትር ላይ 50 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። በወለሉ ላይ አንድ ተራ ቫልቭ ቢኖር የውጭው ውሃ ሲበረታ ራሱ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ያስገባው ነበር። አልነበረም። ቢኖርም ባይኖርም ደግሞ ገንዳ በነሐሴ አይራቆትም።

ወንድሜ መጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደገባ ጓሮ ወጣና የተንጋደደውን ገንዳ እያየ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያስመጠጥኩት» አልኩት። አንገቴን አቅፎ «እኔ ነኝ የላክሁት» አለ። በማግሥቱ ከእማዬ ጋር ተቀምጠን ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጠየቅናት።

አርማታውን በጃክሐመር ለመስበር 11 ቀን ፈጀ። በዚያው ዓመት ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ የፋሲልን መዋኛ በአዲስ ዓይን አየሁት። ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውሃ የሚሞላው ለበዓሉ ነው፤ ጥር፣ መሬቱ ደርቆ ባለበት ወር። አጠገቡ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ካብ ላይ እንዴት እንዳወረዱ አይቼ፣ አዲሱ ፕላን ላይ በገንዳው ዳር የነበሩትን ሁለት የፊከስ ችግኞች በስልክ አሰረዝኩ።

አዲሱ ገንዳ 6 ሜትር በ3 ሜትር ነው፣ 1.30 ሜትር ጥልቀት። ከ24,000 ሊትር ያነሰ ይይዛል። ዙሪያውን በጠጠርና በተበሳሳ ቱቦ ከበነዋል፤ ቱቦው የሚፈሰው በጓሮው ጥግ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ክዳን አለው፤ ዘበኛችን በክረምት ጠዋት ጠዋት እንጨት ነክሮ ውሃው የት እንደደረሰ ያያል፣ ከምልክቱ ካለፈ ፓምፑን ይከፍታል። ወለሉ ላይ ቫልቭ አለ። አሸንዳው ወደ ሮቶ ዞሯል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ ጣሪያችን ብቻ ከ200,000 ሊትር በላይ ይቀበላል ማለት ነው። ገንዳው አሁን ቦቴ አይጠብቅም፤ ክረምት ሲወጣም ለጄሪካን የሚተርፍ አለ።

ማብሰያውን ከመገንባታችን በፊት እማዬ እርጥብ ቅጠል በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት አስነደደችና ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ አየች። እሷ ባሳየችው ጥግ ለትልቅ ብረት ድስት የሚሆኑ አራት ምድጃዎች፣ ለምጣድ ጢስ ማውጫ ያለው ጣሪያ፣ በግ የሚታረድበት የራሱ ቧንቧና ፍሳሽ ያለው ሊሾ አለ። መቀመጫው በምዕራቡ አጥር ላይ ተደግፎ የተሠራ መደብ ነው፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሽማግሌ ያለ ድጋፍ የሚነሣበት። ከ10 ሰዓት በኋላ ጥላ ነው፤ ቡናው እዚያ ይፈላል። ገንዳውና መደቡ መካከል የሚቆለፍ አጥር አለ። ንጣፉ ሻካራ የአምቦ ድንጋይ ነው።

መሐሉ ባዶ ነው። የኮክ ዛፉ ከነበረበት አንሥቶ እስከ ጓሮ በር ድረስ ሰርዶ ሣር ብቻ። በሣሩ ዳር፣ በድንጋይ ንጣፉ ውስጥ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ በሜትር ለክተው ባሳዩን ቦታ፣ የድንኳኑን ምሰሶ የሚቀበሉ ስድስት የብረት ቱቦዎች ተቀብረዋል። ክዳን አላቸው። እማዬ አፈር እንዳይገባባቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በመጥረጊያ ታጸዳቸዋለች። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍተዋል፤ ለእህቴ ልጅ ክርስትና።