ፀሐይዋ ሳትመጣ በዓሉ ይመጣል

የወቅቶቻችንን ድልድል ያወጣው ሰው አድራሻ ቢገኝ አቤቱታ የምናስገባ ብዙ ነን። በባሕረ ሐሳቡ መሠረት ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። መፀው፣ ያ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ያ ነፋሻ አየር፣ የሚጀምረው መስከረም 26 ነው። ይሁን። ታዲያ ቡሄ መቼ ነው? ነሐሴ 13። እንቁጣጣሽ? መስከረም 1። ደመራ? መስከረም 16። ሦስቱም ክረምት ውስጥ፤ ሦስቱም ደረቅና ሙቅ ነገር የሚፈልጉ። ቡሄ ጅራፍ የሚጮኽበት ደረቅ ሜዳ ይፈልጋል። እንቁጣጣሽ ኩፍ ያለ ሊጥ ይፈልጋል። ደመራ የሚነድ ችቦ ይፈልጋል። እኛ ያለን ጭቃ ነው።

ጭቃና ትንሽ ልጅ።

ቤቱ ትንሽ ልጅ የሌለው አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም አንቀየምም። የምናወራው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ፣ የ4 ዓመት ልጅ ይዞ፣ «ዳቦውን ራሴ ልጋግር፣ ቤቱን ላሰማምር፣ ልጄም ባህሉን ይወቅ» ብሎ ስለተነሣ ሰው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ሐሳቡ ሁልጊዜም መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው የዱቄቱ ከረጢት ሲፈታ ነው።

የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለውጭው ዓለም «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው አስተዋወቋት። ፈረንጁ ሰማ፣ ወደደ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣ። እኛ ግን 13ኛዋን ወር የልጅ ልብስ ከሰገነት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ሰገነት ስናመላልስ ነው የምናሳልፋት። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በየ4 ዓመቱ፣ የሉቃስ ዘመን ሲያልቅ፣ 6 ትሆናለች። ደመወዝ የላትም። ወጪ ግን አላት። የትምህርት ቤት ክፍያ በእሷ ላይ ነው፤ ደብተርና ዩኒፎርም በእሷ ላይ ነው፤ ዶሮውም፣ ሽንኩርቱም፣ ቅቤውም በእሷ ላይ ነው። በዚህ ላይ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል አለ። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና ልጅ ሁሉ ወጥቶ ይጠመቃል። በረከቱን አንቃወምም። የምንናገረው ስለ ጳጉሜ 4 ነው። ጳጉሜ 4 ንፍጥ ነው። ጳጉሜ 5 ሳል ነው። መስከረም 1 ያ ሁሉ ንፍጥና ሳል «እኔ ላቡካ» ብሎ ሊጡ ላይ ያጎነብሳል።

ቡሄን አልፈናት እንዳይመስላችሁ። ለቡሄ ሙልሙል ጋግረን ደጃችንን ከፍተን እንጠብቃለን። ጨፋሪዎቹ ይመጣሉ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በዱላ እየደበደቡ እስከ ላይ ይወጣሉ። ዳቦውን ይዘን ስንወጣ እርስ በርስ ይተያያሉ። «ብር የለም?» ይላል አለቃቸው። ሙልሙሉን የምንበላው እኛው ነን፤ ቁርስ ሙልሙል፣ መክሰስ ሙልሙል። ጭፈራው ግን አይባክንም። የቤታችን ልጅ በደንብ ይዞታል። የመጥረጊያውን እንጨት ነቅሎ፣ ሆያ ሆዬን እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ፣ በየጠዋቱ፣ ጎረቤት ሳይነቃ ይጨፍረዋል። ከታች ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ ሲያገኙን «ልጁ ጎበዝ ሆኗል» ይሉናል። አነጋገራቸው ግን የምስጋና አይደለም።

አሁን ወደ ድፎው እንምጣ፤ እሮሯችን ከሁሉ ይልቅ እሱ ላይ ነው።

ድፎ ዳቦ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ዱቄት፣ እርሾ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮባ። ስንት ዱቄት? «እንደ ቤተሰቡ ነው።» ውሃውስ? «ሊጡ ራሱ ይነግርሻል።» እስከ መቼ ይቆይ? «ኩፍ እስኪል።» እሳቱስ? «መጠነኛ።» እናቶቻችን ሰፍረው አያውቁም፤ ልኩን አጥብቀን ስንጠይቃቸው ደግሞ ይቀየማሉ። ሊጡ ለእነሱ ይናገራል። እኛን አኩርፎናል።

እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይሠራል፤ ሲበርደው ይተኛል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የጳጉሜ ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ሊጡን እናለብሰዋለን። በፎጣ እንሸፍነዋለን፣ በነጠላ እንጠቀልለዋለን፣ በመጨረሻ ጋቢ እንደርብለታለን። አባወራው «ጋቢዬስ?» ሲል ሊጡን እናሳየዋለን። ልጁም ይህን ሁሉ ያይና «ሊጡ ታሟል?» ይላል። አልታመመም፤ እንዲሞቀው ነው። «ሞቀው?» ገና። «አሁንስ?» ገና። ከዚያ መጠየቁን ትቶ ራሱ ገልጦ ማየት ይጀምራል። በገለጠ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። ሙቀቱ በወጣ ቁጥር ሊጡ ይተኛል። ሊጡ በተኛ ቁጥር እኛ አንተኛም።

ኮባውም ሌላ ጣጣ ነው። ግቢ ያለው ሰው ከጓሮው ይቆርጣል። ፎቅ ላይ ያለነው ከገበያ እንገዛለን፤ በዋዜማው ደግሞ ሻጩ የቸገረን መሆኑን ከፊታችን ያነባል። ተሸክመን ደረጃውን ስንወጣ አንዱ ይቀደዳል። እንዲለሰልስ እሳት ላይ ለብለብ ስናደርገው ሁለተኛው ይቀደዳል። የቀረውን ልጁ ጃንጥላ አድርጎት ሰገነት ላይ ቆሟል። «ስጠኝ» ስንለው «ዝናብ አለ» ይላል። እውነቱን ነው። ዝናብ አለ።

ቀጥሎ እሳት። የደንቡ ድፎ ከሥርም ከላይም እሳት ይፈልጋል፤ ከሥር ምጣዱ፣ ከላይ በክዳኑ ላይ ፍሙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያውቀው ሥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ መገልበጥ አለ። ሥሩ የበሰለ፣ አናቱ ጥሬ የሆነ፣ ክንድ የሚያስረዝም ዳቦ በሰፌድ ሲገለበጥ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ሁሉም አስተያየት አለው። «ከዚህ ያዥው።» «ቀስ።» «ቶሎ።» «እኔ ላግዝ!» የመጨረሻው ድምፅ የሚመጣው ከጉልበታችን በታች ነው።

መብራትስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። በዋዜማው ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣዱን እንደሚሰካ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁላችንም ብልጥ ሆነን ቀደም ብለን እንሰካለን። ሁላችንም ቀደም ብለን ስለሰካን መብራቱም ቀደም ብሎ ይሄዳል። በየሰገነቱ ብቅ ብለን «የእናንተም ሄደ?» እንባባላለን። የሁሉም ሄዷል። ይህን ጊዜ ዳቦው መንገድ ላይ ነው፤ እንዳንተወው በስሏል፣ እንዳንበላው አልበሰለም። ከሰል ፍለጋ እንወርዳለን። ከሰሉ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። የበዓሉ ዕጣን ከከሰሉ ጭስ አይለይም፤ ዳቦው ግን ሁለቱንም ይሸታል።

በዚህ ሁሉ መካከል የእጅ ሥራው አለ።

ለእንቁጣጣሽ ልጅ ሥዕል ይሥላል። ወንዶቹ ሥዕል ይዘው፣ ሴቶቹ አበባዬሆሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ሥዕል ግን ብቻውን አይሥልም። ወረቀቱን የሚያሰምረው ወላጅ ነው። መልአኩን የሚሥለው ወላጅ ነው። ክንፉን አበላሽቶ ደግሞ የሚጀምረው ወላጅ ነው። ልጁ ቀለም ይቀባል። አደይ አበባን ሰማያዊ ይቀባታል። «ቢጫ ናት እኮ፣ የኔ ጌታ» ሲባል «ቢጫው አልቋል» ይላል። ቢጫው ያለቀው ግድግዳ ላይ ነው። የውሃ ቀለሙ አይደርቅም፤ ምክንያቱም ክረምት ነው። ያልደረቀውን አንዱን ባንዱ ላይ እንደርበዋለን፤ ምክንያቱም ቦታ የለም። ጠዋት ስንላቅቀው መልአኩ ፊቱን ለአበባዋ ትቶላት ይነሣል። በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን፣ ሌላ ሰው የሣለውን በጥቁርና ነጭ አባዝተን፣ «በል ቀለም ቀባው» እንላለን። ልጁም ቀብቶ ሲያበቃ ሥዕሉን ለማንም አይሰጥም። «የኔ ነው» ይላል። ለጋሼ፣ ለእማማ፣ ለጎረቤት ተብሎ የተባዛው ሁሉ የእሱ ነው። ብሩን ግን ይቀበላል።

ትምህርት ቤትም ባዶ እጁን አይመጣም። ገና በሩ እንደተከፈተ ወረቀት ይላካል፦ ልጅዎ በቤት ውስጥ ከሚገኙ ነገሮች አዲሱን ዓመት የሚያሳይ የእጅ ሥራ ሠርቶ ይምጣ። ወረቀቱ የሚወጣው ከልጁ ቦርሳ ነው፤ የሚወጣውም ማታ ነው፤ ማስረከቢያውም ነገ ነው። በቤት ውስጥ የሚገኙ ነገሮች! በቤት ውስጥ የሚገኘው ሙጫው የደረቀ ጠርሙስ፣ ጫፉ የጠፋ ፕላስተርና የማይቆርጥ መቀስ ነው። ካርቶን ፍለጋ ሱቅ ስንሄድ ባለሱቁ «እናንተም?» ይለናል፤ ከእኛ በፊት የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ጠይቆታል። እስከ እኩለ ሌሊት ጎጆ ቤት እንሠራለን። ልጁ ተኝቷል። ጠዋት ተማሪው ጎጆውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ «ጎበዝ» የሚል ኮከብ ተለጥፎበት ይመለሳል። ኮከቡ ግንባሩ ላይ ነው፣ እንቅልፉ እኛ ዓይን ላይ።

ቄጤማና አደይ አበባውን በአጭሩ እንለፈው። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ቤቱ ደስ ይላል፤ እስከ ቀትር። ከቀትር በኋላ የጫማ ጭቃ፣ የፈሰሰ ጠላና የተረገጠ ፈንዲሻ ይዞ ምንጣፍ ይሆናል። አደይ አበባዋ ማሰሮ ውስጥ ገብታ ጉንዳኖቿን ሳሎን ታወርዳለች። ልጁ ለጉንዳኖቹ ስም አውጥቶላቸዋል። ስለዚህ መግደል አይቻልም።

ደመራ ሲደርስ ችቦው በዝናብ ርሷል። ልጁ የራሱ ችቦ ካልተገዛለት አይወጣም። ይገዛለታል። አይነድም። ያለቅሳል። ይነድዳል። ፈርቶ ያለቅሳል።

እንዲህ ደክሞን ቁጭ ስንል ስልካችንን እንከፍታለን። ቲክቶክ ላይ አንዲት እናት አለች፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ከልጇ ጋር ድፎ ትጋግራለች። ልጁ አይጮኽም። ዱቄቱ አይፈስስም። ቀሚሱ ነጭ እንደሆነ ቪዲዮው ያልቃል። እኛም ዱቄት በያዘ ጣታችን «ማሻ አላህ»ም «እግዜር ያሳድግልሽ»ም ብለን እንጽፍላትና የራሳችንን ልጅ ከምጣዱ ሥር ለማውጣት እንነሣለን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ደግሞ ጉድ ሳንሠራ አይጠባልንም። ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እንቁጣጣሽ ወደ ጥቅምት ይዛወርልን አንልም፤ የሚፈቅድልን የለም። ግን እናቶቻችን በሕይወታቸው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዱቄቱን በስኒም ቢሆን ሰፍረው ይንገሩን። የሰፈሩ ሰው ምጣዱን በተራ ይሰካ፤ አንደኛ ፎቅ በቀን፣ ሁለተኛ ፎቅ በማታ፣ አራተኛ ፎቅ ከፈጣሪ ጋር ይነጋገር። የእጅ ሥራው የሚታረመው በወላጅ ስም ይሁን፤ ኮከቡንም እኛ እንለጥፈው። የሆያ ሆዬ ልጆች ዳቦ ይቀበሉ። ለትንሽ ልጅ ብልጭልጭ ቀለም በስጦታ የሚያመጣ ዘመድ በሳምንቱ መጥቶ ምንጣፉን ያራግፍ።

ከዚያ መስከረም 26 ይሆናል። ፀሐይዋ ትወጣለች። ሰማዩ ጥርት ይላል። ልብሱ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ከሰሉ ሳይጨስ ይነድዳል፣ መብራቱ ሳምንቱን ሙሉ አለ። ሊጥ ቢቦካ ገና ሳይሸፍኑት ኩፍ ይላል። የሚጋገርበት በዓል ግን የለም። ልጁም በዚያች በተመረጠች ቀን፣ የውሃ ቀለሙ በደቂቃ በሚደርቅበት ጠራራ ላይ፣ «አሁን ሥዕል አልፈልግም፣ ውጭ ልጫወት» ይላል።

ለማንኛውም እንኳን አደረሳችሁ። ከደረሳችሁ ግቡ፣ ዳቦ አለ፤ ከሥሩ አሯልና ከላይ ከላዩን ብሉ።